ቁጥሩን የሚያነበው ማነው?

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አካባቢ ለተሰበሰቡ ሶፍትዌር ሠሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ስናገር የዘለልኩትን ጨምሬ፣ የደጋገምኩትን ቀንሼ ጻፍኩት።)

እንደምን ዋላችሁ። ታክሲ አጥታችሁ በእግር የመጣችሁም እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ።

አሁን ያለነው አራት ኪሎ ነው። ከየት ተለክቶ ነው አራት ኪሎ የሆነው ብሎ የሚጠይቅ አለ? የለም። ቁጥሩ ስም ሆኗል። "አራት ኪሎ ላይ ወራጅ አለ" እንላለን፣ እንወርዳለን፣ አለቀ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዚህ ሽቅብ ስትወጡ አምስት ኪሎን ታገኛላችሁ። ከዚያ ስድስት ኪሎን። ልኬቱ ቢረሳም ተራው አልተረሳም። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው እንኳ አምስት ኪሎ በአራትና በስድስት መካከል ነው ብሎ ቢገምት አይሳሳትም።

የሶፍትዌር ቨርዥን ቁጥርም፣ አዲስ ቅጂ ባወጣን ቁጥር የምንሰጠው ማለት ነው፣ ከዚህ አይርቅም። ስም ነው። ተራ ያስይዛል። እኛ ሠሪዎቹ ደግሞ ሦስተኛ ሥራ እንጨምርበታለን፤ መልእክት እንዲያደርስ እንልከዋለን። "ይህ አዲስ ነው፣ ይህ አይሰብርባችሁም፣ ይህ ግን ይሰብራል" እንዲልልን። መልእክት ካለ ደግሞ ተቀባይ አለ። ስለ ቨርዥን አሰጣጥ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንረሳው ይህን ተቀባይ ነው። ሴምቨር ይሻላል ካልቨር እያልን እንፋጃለን፤ ሁለቱ የታወቁ የቨርዥን አሰጣጥ ደንቦች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ አንድ ነገር የሚወስነው ማነው?

ከተራው ልጀምር። የተቃጠልኩት በሱ ስለሆነ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት ለሱቆች የሚሆን የሽያጭ አፕ ነበረው። ባለሱቁ በስልኩ ዕቃ ያስገባል፣ ይሸጣል፣ ማታ ሒሳቡን ያያል። አፑ ሲከፈት መጀመሪያ ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ "የሚፈቀደው ዝቅተኛ ቨርዥን ስንት ነው?" ሰርቨሩ 1.9.0 ይላል። ከዚያ በታች የሆነ አፕ "እባክዎ አፕዴት ያድርጉ" የሚል ገጽ አውጥቶ አላሳልፍም ይላል። ይህን ያደረግነው በምክንያት ነበር። 1.8 ላይ የቅናሽ ስሌቱ ይሳሳት ነበር፤ ማንም በሱ እንዲሸጥ አልፈለግንም።

ሐሙስ ማታ 1.10.0ን አወጣን። ቅዳሜ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ሰዉ ለዘይት፣ ለሽንኩርትና ለቅቤ የሚሻማበት ቀን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የድጋፍ ስልካችን መጮህ ጀመረ፤ አላቆመም። አዲሱን አፕ የጫነ ሁሉ "አፕዴት ያድርጉ" የሚለው ገጽ ላይ ቆሟል። ይጫነዋል፤ ስቶሩ አዲሱ አለዎት ብሎ ይመልሰዋል። ሲከፍተው ያው ገጽ። አንዳንዱ አፑን አጥፍቶ እንደገና አወረደው። በራሱ ዳታ፣ በራሱ ብር።

ነገሩ ይህ ነበር። ኮዳችን ሁለቱን ቨርዥኖች የሚያወዳድረው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነበር። ጽሑፍ ደግሞ ፊደል በፊደል ነው የሚወዳደረው። አንድና ነጥብ፣ አንድና ነጥብ፤ እስከዚህ እኩል ናቸው። ቀጥሎ ከአንዱ 1፣ ከሌላው 9 ይመጣል። 1 ከ9 ያንሳል። ከኋላው ያለችውን ዜሮ የሚያያት የለም። መዝገበ ቃላት ውስጥ አንድ ቃል ስለረዘመ ብቻ ወደ ኋላ እንደማይሄድ ማለት ነው። ስለዚህ 1.10.0 ራሱን ከ1.9.0 ያረጀ አድርጎ ቆጠረ።

ማወዳደሪያው ያለው አፑ ውስጥ ነው። ስልኮቹ ውስጥ ገብተን ልናስተካክለው አንችልም። ያለን አማራጭ ሰርቨሩ ላይ ያለውን 1.9.0 ወደ 1.0.0 ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር። አደረግነው። በሩ ተከፈተ፤ ቅናሽ የሚሳሳቱት አሮጌዎቹም አብረው ገቡ። በዓሉን ያሳለፍነው የማንን ሒሳብ እናስተካክል እያልን ነው። ዛሬም ድረስ ያሳዝነኛል። በዓመት አንዴ የሚገኝ ገበያ ነበር።

ከ9 ወደ 10 የምትሻገሩበት ቀን ለሁላችሁም ይመጣል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ኮዳችሁ ውስጥ ቨርዥን የሚወዳደርበትን ቦታ ፈልጉ። 1.9.0 ከ1.10.0 ያንሳል ወይ የሚል ሦስት መስመር ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) ጻፉለት።

ስለ ተራ ሳነሳ አንድሮይድን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ነገሩን በደንብ ለይቶታል። እያንዳንዱ አፕ ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ ቨርዥን ኮድ ነው፤ ነጥብ የሌለው ሙሉ ቁጥር፣ ማሽን ብቻ የሚያየው። ሌላው ቨርዥን ኔም ነው፤ ሰው የሚያነበው፣ የፈለጋችሁትን የምትጽፉበት። ፕሌይ ስቶር አዲሱ ከአሮጌው መብለጡን የሚያውቀው በቨርዥን ኮዱ ነው። ተራውን ለማሽኑ፣ መልእክቱን ለሰው። እኛም መጀመሪያውኑ እንዲህ ለይተን ቢሆን ኖሮ ያ ቅዳሜ አይመጣም ነበር።

አሁን ወደ ሴምቨር ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የጻፈው ከጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን ወርነር ነው፤ አሁን የምንጠቀምበት 2.0.0 የሚባለው የደንቡ ቅጂ በ2013 ወጣ (በፈረንጆቹ)። ሦስት ቁጥር አለው፤ ማጆር፣ ማይነር፣ ፓች።

መስከረም ላይ ለልጅ የመማሪያ መጽሐፍ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ወላጅ መጽሐፉን አገላብጦ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ነው የአሮጌው?" ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ የታላቅ ወንድሙ መጽሐፍ ለታናሹ አይሆንም። ይህ ማጆር ነው። መጨረሻው ላይ መልመጃ ተጨምሮበት ከታተመ ግን አሮጌውን የያዘም ክፍል ውስጥ መከታተል ይችላል፤ ይህ ማይነር ነው። የፊደል ግድፈት ብቻ ታርሞ ከወጣ ፓች ነው። ወላጁ የወረቀቱ ጥራት ወይም ስንት ሰው እንደደከመበት ግድ አይሰጠውም። የሚፈልገው "ከያዝኩት ጋር ይሄዳል?" ለሚለው መልስ ነው። ሴምቨርም የሚመልሰው ይህን ብቻ ነው። "በጣም ሠርተናል፣ ስለዚህ 3.0 እንበለው" የሚል ሰው ሴምቨርን አልተጠቀመም።

የሴምቨር አንባቢ ታዲያ ማነው? ሌላ ፕሮግራመር፤ ከሱ ይበልጥ ደግሞ የሱ ማሽን። ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፕሮግራመሮች የሌሎችን ኮድ የሚያወርዱበት መሣሪያ) ላይ ^1.4.2 ብላችሁ ስትጽፉ "ከ1.4.2 ጀምሮ 2.0.0 እስካልደረሰ ድረስ የመጣውን ሁሉ ተቀበል" ማለታችሁ ነው። በ~ ከጻፋችሁት ደግሞ 1.5.0 እስካልደረሰ ብቻ። ያ ውሳኔ የሚፈጸመው ማንም ሳያይ ሊሆን ይችላል። እኔ እዚህ ፓች ብዬ ያወጣሁት ነገር ሌላ አገር ያለ፣ ስሙን የማላውቀው ሰው ሰርቨር ላይ ሌሊት ይገባል። ስለዚህ ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራመር በራሱ ሶፍትዌር ውስጥ የሚያስገባው ኮድ) ወይም ሌሎች የሚጠሩት ኤፒአይ (የሌላው ሶፍትዌር ከናንተው ጋር የሚገናኝበት በር) የምትሠሩ ከሆነ ሴምቨርን ተጠቀሙ። እዚህ ላይ አላመነታም።

ግን ከአቅሙ በላይ አትጠብቁበት። የራሴን ልንገራችሁ። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ ነበረኝ። ስህተት ነበረበት፤ ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን ያደርጋታል። በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 እንደምትሆን ታውቃላችሁ። የ2015 መጨረሻም እንደዚያ ነበር። የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜን 6 መሆን ሲገባው የኔ ላይብረሪ መስከረም 1 ቀን 2016 ብሎ መለሰ። አስተካከልኩትና 1.3.1 ብዬ አወጣሁት። ስህተት ማረም ነው፤ ፓች ነው። በደንቡ ትክክል ነኝ።

ሁለት ቀን ሳይቆይ የአንድ ድርጅት ልጅ ደወለ። የደመወዝ ሲስተማቸው አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ለካ ስህተቱን ከኔ በፊት አግኝተውት ኖሯል። ለኔ ከመንገር ይልቅ በራሳቸው ኮድ አንድ ቀን ቀንሰው አልፈውታል። እኔ ሳርመው የነሱ እርማት ስህተት ሆነ። "ወንድሜ፣ ፓች አይደል ያልከው?" አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ታዲያ 2.0.0 ማለት ነበረብኝ? አይመስለኝም። ለእያንዳንዱ እርማት ማጆር ከቀየርን ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር። የለውጥ ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት "አነስተኛ ማስተካከያ" የሚል ብቻ ነው። "ከመስከረም 1 ቀን 2016 ጀምሮ ያሉ ቀኖች በአንድ ቀን ይለወጣሉ" ብዬ ብጽፍ ልጁ አንብቦ ይጠነቀቅ ነበር። ቁጥር ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉን ሊናገር አይችልም። ከጎኑ በሰው አማርኛ የተጻፈ አንድ መስመር ያስፈልገዋል።

ማጆርን መቀየር ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ 3.0 የወጣው በዲሴምበር 2008 ነው። ፓይተን 2 በይፋ የተሰናበተው ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው። ከ11 ዓመት በላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። የመጀመሪያውን ቁጥር ስትቀይሩ ሰውን "ቤት ቀይር" እያላችሁት ነው። ዕቃውን የሚሸከመው እሱ ነው። እንግዲህ ከመቀየራችሁ በፊት አዲሱ ቤት ያን ሁሉ ሸክም የሚያስረሳ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ።

አሁን አንባቢውን እንቀይር።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ፋርማሲ ያላቸው አንዲት ደንበኛ ነበሩን። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። የመድኃኒት ክምችት የሚመዘግቡት በኛ ሶፍትዌር ነው። አንድ ቀን ደወሉ፤ ሪፖርት አልወጣ ብሏቸዋል።

"የትኛውን ቨርዥን ነው የሚጠቀሙት እናቴ?" አልኳቸው።

"እሱን በምን አውቃለሁ ልጄ? ያ ሰማያዊው ነዋ።"

"ከታች ጥጉ ላይ ትንንሽ ቁጥር አለ። ያንብቡልኝ እስቲ።"

መነጽራቸውን ሲፈልጉ ሰማሁ። ከዚያ ጀመሩ። "ሁለት... ነጥብ... ዐሥራ ሰባት... ነጥብ... ዜሮ። ሰረዝ አለው። ከዚያ እንግሊዝኛ ነው፤ ቢ፣ ኢ..."

ሰው መድኃኒት ይዞ ፊታቸው ቆሟል። "መጣሁ የኔ ልጅ፣ አንዴ ጠብቂኝ" ሲሏት እሰማለሁ። እኔ ግን ፊደል እያስቆጠርኳቸው ነው። ቤታ ነጥብ ሦስት ላይ ደረስን፤ ከዚያ በኋላ ገና የመደመር ምልክትና አራት አኃዝ ቀርቶ ነበር። ያን ቁጥር እዚያ ያስቀመጥነው ለራሳችን ነው። ለሳቸው አንድም ነገር አይነግራቸውም። "የኔ አሮጌ ነው ወይስ አዲስ?" የሚለውን እንኳ አይመልስላቸውም። ያን ቀን ስልኩን ስዘጋ አፈርኩ።

ለሳቸው ዓይነት አንባቢ ቀን ይሻላል። ካልቨር የሚባለው ይህ ነው፤ ቁጥሩ የወጣበትን ጊዜ ይናገራል። ታዋቂው ምሳሌ ኡቡንቱ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የመጀመሪያው 4.10 ነበር፤ ኦክቶበር 2004 ማለት ነው። 6.04 መባል የነበረበት ለአፕሪል 2006 አልደረሰም፤ በጁን ወጣና 6.06 ተባለ። ይህ ደስ ይለኛል። ዘገየን፣ ቁጥራችንም ዘገየ። መደበቅ የለም። ደግሞም 24.04 የአምስት ዓመት መደበኛ ድጋፍ ያለው ዓይነት ነው ስትባሉ እስከ 2029 መሆኑን በጣታችሁ ትቆጥራላችሁ።

የካልቨር ድክመቱ ግልጽ ነው። ዕድሜን እንጂ "ይሰብርብኛል ወይ" የሚለውን አይነግርም። ለላይብረሪ አልመክረውም። ለፋርማሲዋ እናት ግን የሚያስፈልጋቸው ዕድሜው ነው።

እዚህ ላይ የኛ አገር የራሱ ጥያቄ አለው። የየትኛው ቀን መቁጠሪያ?

2018.4 ብላችሁ ብታወጡ ለደንበኛችሁ ታኅሣሥ 2018 ነው። ውጭ ላለ ሰው ደግሞ አፕሪል 2018፤ ዓመታት ያለፈበት ሶፍትዌር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሰባት ዓመት ልዩነት አለ፤ ጃንዋሪ ሲገባ ስምንት ይሆናል። ከሁሉ የከፋው መሐል መንገድ ላይ መቀየር ነው። ቨርዥን ኮዳቸውን በቀን የሚሠሩ አሉ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የዕለቱ ተራ በሁለት አኃዝ። 2026031501 እንበል። ፕሌይ ስቶር እስከ 2100000000 ስለሚቀበል ይበቃል። አሁን አንዱ የቡድናችሁ ልጅ በቅን ልቦና "ለምን በራሳችን አቆጣጠር አናደርገውም?" ይልና 2018070601 ብሎ ይጭናል። ቀኑ ያው ቀን ነው፤ ማርች 15 እና መጋቢት 6። ቁጥሩ ግን ወደ ኋላ ሄደ። ስቶሩ አይቀበለውም። እሱ እንኳ ይመልሰዋል፤ በራሳችሁ ሰርቨር የምታድሉት ከሆነ ግን ማንም ሳያስቆማችሁ ያልፍና ያ የፋሲካ ዋዜማ ይደገማል።

የኔ ምርጫ ይህ ነው። ማሽኑ የሚያየው ቁጥር ቀንም ነጥብም የሌለው ተራ ቁጥር ይሁን፤ 41፣ 42፣ 43። ወደ ኋላ መሄድ አይችልም፤ የማን ዓመት ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም። ሰው የሚያነበው ደግሞ በወር ስም ይጻፍ። "የመጋቢት 2018 እትም።" መጋቢት የሚለው ቃል የማን አቆጣጠር እንደሆነ በራሱ ይናገራል። እትም የሚለውንም ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቨርዥን ምንድን ነው ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ካወጣችሁ "ሁለተኛ" ጨምሩበት።

ፋርማሲው ላይ ይህን አደረግን። የሚቀጥለው ጊዜ ሲደውሉ ሳልጠይቃቸው "የጥር እትም ነው ያለኝ፣ የመጋቢት መጥቷል እንዴ?" አሉኝ።

ብዙዎቻችሁ አፕ በቴሌግራም ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) አድርጋችሁ እንደምትልኩም አውቃለሁ። ያኔ የፋይሉ ስም ራሱ ቨርዥን ነው። "ፋይናል"፣ "ፋይናል ሁለት"፣ "አዲሱ ፋይናል" እያላችሁ አትላኩ። ሰው ከሰው እየተቀባበለው ይዞራል፤ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ እናንተም አታውቁም። የእትሙንም የተራ ቁጥሩንም ስሙ ላይ ጻፉ። አንዴ የላካችሁትን ቁጥር ደግሞ በሌላ ፋይል ላይ አትድገሙት። ሴምቨር ራሱ በግልጽ የሚከለክለው ነው፤ አንዴ የወጣ ቨርዥን ይዘቱ አይነካም። አንዲት መስመር ብትቀይሩ እንኳ አዲስ ቁጥር ስጡት። ቁጥር አያልቅም።

ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንዲት ልጅ "እኛ አንድ ኤፒአይ አለን፣ የሚጠቀሙትም ባለሱቆች ሳይሆኑ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው፣ አፑን ግን ባለሱቆች ይጠቀሙታል፤ የትኛውን እንከተል?" አለች። ሁለቱንም ነው መልሴ። ኤፒአዩ ሴምቨር ይያዝ፤ አፑ የወር ስም ይያዝ። አንድ ድርጅት አንድ ዓይነት ቁጥር ብቻ መጠቀም አለበት የሚል ሕግ የለም። እንዲያውም ሁለቱን በግድ አንድ ቁጥር ስታደርጓቸው ነው ችግር የሚመጣው። አፑ ላይ ቀለም ስለተቀየረ ኤፒአዩ 4.0 ይባልና ኢንተግሬት ያደረጉት ሁሉ ይደነግጣሉ።

ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ 0.8፣ 0.9 ላይ እንዳሉ ነገረኝ። "ገና ስላልጨረስን 1.0 ለማለት ፈራን" አለ። ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ጠየቅኩት። ሦስት መጋዘኖች በየቀኑ ዕቃ የሚያወጡት በሱ ነው አለኝ።

በዜሮ የሚጀምር ቁጥር "በማንኛውም ሰዓት ሁሉንም ልቀይረው እችላለሁ" ማለት ነው። እነዚያ መጋዘኖች ግን ይህን አልተስማሙም፤ ዕቃቸውን አምነው አስቀምጠውበታል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገቡ፣ አንድም አዲስ ነገር ሳትጨምሩ፣ አሁን እየሠራ ያለውን ኮድ ጊት (የኮድ ለውጥ ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ) ላይ 1.0.0 ብላችሁ ታግ አድርጉት፤ ስም ለጥፉበት ማለቴ ነው። ከዚያ ለሦስቱም መጋዘኖች ደውላችሁ ንገሯቸው።